የተባለ ነገር ባለቤቱ ማን ነው?

አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ ሁልጊዜ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። አንደኛው ወገን መሣሪያውን ገና ሳያየው ይረግመዋል፤ ሁለተኛውም ወገን ገና ሳያውቀው ይሰግድለታል። ሁለቱ ወገኖች ጠላቶች ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም መመርመር ድካም ስለ ሆነ ከመመርመር ይልቅ መራገም ወይም መስገድ ይቀላል ማለታቸው ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የስልክ ሽቦ በተዘረጋ ጊዜ፥ አካል የሌለው ድምፅ ከሣጥን ውስጥ ሲወጣ የሰሙ አንዳንድ ካህናት «ይህ የአጋንንት ሥራ ነው» ብለው ንጉሠ ነገሥቱን እንደ ተቃወሙ ይተረካል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜም ፈረስ የሌለው ሠረገላ ሲሄድ ያየ ሰው መደንገጡ አልቀረም። ከዚያም በኋላ የሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመውና ስሙ ለብዙ ዘመን ሲጠራበት ኖረ። ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን ሰይጣን በዚያ ዘመን ያልሠራው ብዙ ሥራ ተቈጥሮለታል። ሽቦ መዘርጋትም መንኰራኵር ማሽከርከርም የእርሱ ሙያ ሆኖ አያውቅም። የእርሱ የቆየ ሙያ አንድ ነው፤ እርሱም ወሬ ነው። በገነት ውስጥ ሽቦም ኤሌክትሪክም አልነበረም፤ የእባቡ ሥራ ግን ስለዚህ አልተጓደለም።

እንግዲህ ዛሬም የእጅ ስልክ ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከሰይጣን እያሉ መከራከር የቀድሞውን ድካም መድገም ነው። መጠየቅ የሚገባው፥ በመሣሪያው ውስጥ ያለፈ ቃል ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ነው። የፈጠረው ነውን? ያስተላለፈው ነውን? ወይስ ገበያውን ከፍቶ ኪራይ የሚቀበለው?

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረች፥ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ የተቈረቈረች፥ በኋላም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ተቀምጣ፥ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በቀድሞ ዘመን ከሸዋ የተነሣ ወሬ መንቆረር ለመድረስ ዐባይን መሻገር ነበረበት። የዐባይ በረሃ ለመንገደኛ መከራ ቢሆንም ለወሬ ወንፊት ነበረ። ብዙ ሐሰት ቍልቍለቱን ሲወርድ ይደክመው፥ ከውሃውም ደርሶ ይሰጥም ነበር፤ የተረፈውም ዳገቱን ሲወጣ ከወዲያ የሚመጣ ሌላ መንገደኛ ይገጥመውና «እንዲህስ አይደለም» ይለው ነበር። ዛሬ ወሬ ዐባይን ሲሻገር እግሩን እንኳ አያርስም።

ይህ ፍጥነት ብዙ የሚያስቅ ነገር አምጥቷል። በሠርግ ቤት ዘመድ ሙሽራዪቱን በዐይኑ ከሚያያት ይልቅ በስልኩ መስተዋት ሊያያት ይመርጣል። በልቅሶ ቤትም አንዳንዱ አልቃሽ ደረቱን የሚመታው በአንድ እጁ ነው፤ ሁለተኛው እጅ ፎቶግራፍ ያነሣልና። አባቶች በብዙ ዘመን ያሳመሩት የጎጃም እስክስታ ቲክቶክ በሚሉት ገበያ ለሩብ ደቂቃ ቀርቦ በአንዲት ድመትና በአንድ ሰባኪ መካከል ይታያል፤ ተመልካቹም ለሦስቱ እኩል ሳቅ ይሰጣል። በዩቲዩብ ላይ ሁለት ሰዎች ሲሟገቱ ረቺው የሚታወቀው በማስረጃው ብዛት መሆኑ ቀርቶ በተመልካቹ ብዛት ሆኗል፤ እንዲህም ከሆነ በገበያ ቀን ከጠበቃ ይልቅ ያመለጠ በሬ ይረታል። ካህኑም ከዚህ ነጻ አይደለም። ሞት ሲሰማ ሦስት ጊዜ የሚያማትብ ካህን፥ «ይህን ለ10 ሰው ላክ፤ ባትልክ መከራ ያገኝሃል» የሚል መልእክት በደረሰው ጊዜ ሳያማትብ ይልካል። ጸሎት በቍጥር ሲላክ እንጂ በፍርሃት ሲላክ የሚሰማ ይመስለዋልና።

እንዲህ ባለው ነገር መሳቅ እንጂ መቈጣት አይገባም፤ መሣሪያው መልካምም ሠርቷልና። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ይህን የሚያህል መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘብ፥ ለማንበብም ፊደል ያስፈልጋል። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው ጊዜ ፊደል ያልቈጠረችው ባልቴትም ከሊቁ ጋር እኩል አለቀሰች። ያ ሬዲዮ ባይኖር ኖሮ መጽሐፉ ከመጻሕፍት ቤት ወደ ጎጆ ባልወረደም ነበር። ሆኖም ያ ቃል ባለቤት እንደ ነበረው ልብ ይሏል። ደራሲው ይታወቃል፤ አንባቢው ይታወቃል፤ ያሰማው ጣቢያም ይታወቃል።

ይህን ነገር የቅኔ ቤት ሥርዐት አጥርቶ ያሳያል። በዋሸራና በጎንጅ፥ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ እንደ ታየው፥ ተማሪው ቅኔ ሲቈጥር ደበሎውን ተከናንቦ ከሰው ይለያል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት፥ መወድስ ግን ስምንት ቤት ነው። ለሁለቱ ቤት ጉባኤ ቃና እንኳ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨነቅ ተማሪ አለ። ቈጥሮም ሲጨርስ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ባልንጀሮቹም ይነቅፉታል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የተናገረ ተማሪ በጉባኤው መካከል ያፍራል፤ ያልገባውን ቅኔ የደገመም «ፍታው» ተብሎ ይያዛል። የመምህሩም ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ባለቤቱ የት አለ? ማሠሪያው ምንድር ነው? ተሳቢውስ ማን ነው?» የሚል ነው። ሦስቱን መመለስ ያልቻለ ሰው የተናገረው ድምፅ እንጂ ነገር አይደለም።

ይህን ሰዋስው ይዞ ዛሬ በየስልኩ የሚመጣውን ወሬ ለሚመረምር ሰው አንድ አስደናቂ ነገር ይታየዋል። ወሬው ማሠሪያ አለው፤ ማሠሪያውም «ተባለ» የሚል ግሥ ነው። ባለቤት ግን የለውም፤ ማን እንዳለው አይታወቅምና። ተሳቢው ግን ሁልጊዜ ይታወቃል፤ በስሙ፥ በሰፈሩ፥ በፎቶግራፉም ተጽፎ ይመጣል። ሰዋስው ያወጡ ሊቃውንት ተሳቢ ብለው በሰየሙት ጊዜ ሰው በእውነት የሚሳብበት ዘመን ይመጣል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም ያሰኛል። ባለቤት በሌለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሳቢው ብቻ መሬት ለመሬት ይጐተታልና።

የቀድሞው ሙግትም ቃልን በከንቱ አይለቅም ነበር። ተከራካሪ በዳኛ ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ» እያለ ሲሟገት ዋስ ይጠራ ነበር፤ ነገሩንም በማር ወይም በፈረስ ወይም በበቅሎ እየተወራረደ ያጸናው ነበር። ቃሉ ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ሰው ውርርዱን ይከፍላልና በቅሎ የሌለው ሰው በበቅሎ አይወራረድም፥ ያላየውንም አየሁ ለማለት ይፈራ ነበር። ዛሬ በአደባባይ የሚከራከር ሰው ዋስ አይጠራም፤ ቢሸነፍም ማር አይከፍልም፤ ስሙን ለውጦ በማግስቱ በሌላ ስም ይመጣል።

«ስሙን የሰወረ ሁሉ ሐሰተኛ ነውን? ፈርቶ የተሰወረ እውነተኛ የለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። የአገሩ ልማድ ይህን ያውቅ ነበር። ስውር ወንጀል በተሠራ ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ይህም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባል ነበር። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ማንም በፈቃዱ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የቀረም ሰው ይቀጣ ነበር። በግልጽ ለመናገር የፈራ ሰው ቃሉን በስውር ያሰማ ነበር፤ እንዲህ ያለውም ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። የወፍ ቃል ግን በመሐላ መካከል፥ በሚተዋወቁ ሰዎች ጉባኤ ውስጥ ይመዘን ነበር። ትዊተር የተባለው የፈረንጅ አደባባይም ምልክቱ ወፍ ነበረ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ግን ስሙን ኤክስ ብሎ ወፊቱን አባረራት። እርሷ ብትሄድ ስም የሌላቸው ጠቋሚዎች አልተከተሏትም፤ ዛሬም በየአደባባዩ ይጮኻሉ። የጎደለው መሐላውና ጉባኤው ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ነገር ሁሉ መልካም ነበር ማለት ራሱ ሐሰት ነው። ሌባ ሻይ የተባለው ልማድ ለዚህ ምስክር ነው። ዕቃ በተሰረቀ ጊዜ ሌባ ሻዩ ለአንድ ልጅ መድኀኒት ያጠጣዋል፤ ልጁም ሰክሮ በየሰፈሩ ይሮጣል፤ ሌባ ሻዩና ሕዝቡ ይከተሉታል፤ ልጁ ሄዶ በወደቀበት ቤት የሚኖረው ሰው «ሌባው አንተ ነህ» ተብሎ ይያዛል። በዚህ ብዙ ንጹሕ ሰው ስለ ተጐዳ ልማዱ በኋላ ዘመን ተከልክሎ ቀረ። ለሚያስተውል ሰው የዚህ ልማድ ክፋት በመድኀኒቱ ብቻ አልነበረም። ልጁ ቢጠየቅ «ሰክሬ ነበር» ይላል፤ ሌባ ሻዩ ቢጠየቅ «መድኀኒቱ ነው ያሳየ» ይላል፤ ሕዝቡም ቢጠየቅ «ተከተልሁ እንጂ አልመራሁም» ይላል። በዚህ ሁሉ መካከል ምክንያት የማያገኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ልጁ በደጁ የወደቀበት ነው።

ዛሬ በየሰው ስልክ ውስጥ አንድ ሯጭ ልጅ አለ። የዘመኑ ሊቃውንት አልጎሪዝም ይሉታል፤ ይህም ማለት ለማን ምን ይታየው ብሎ የሚቈጥር የሒሳብ ሥርዐት ነው። የሚጠጣው መድኀኒት የሰው ትኵረት ነው። ሰውን የሚያስቈጣና የሚያስደነግጥ ነገር ትኵረትን ስለሚስብ ልጁ ወደዚያው ይሮጣል፤ ሕዝቡም «ሼር» እያለ ይከተለዋል፤ ተከታይ በበዛ መጠንም የገበያው ጌታ ከማስታወቂያ ያተርፋል።

በ2014 ዓ.ም. መባቻ፥ በሰሜን ጦርነቱ በበረታበት ጊዜ፥ ይህ ልጅ በባሕር ዳር በአንድ ደጅ ወደቀ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አንድ ሰው ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ላይ ወጥቶ፥ ያልቀረበባቸው ክስ፥ ያልተፈረደባቸውም ፍርድ ተጻፈባቸው። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ተከትለው የመጡ ሰዎች በደጃቸው በጥይት ገደሏቸው። ስማቸው በዚህ ጽሑፍ አይጠራም፤ ሞታቸው የጀመረው በስም መጠራት ነውና። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሣ አስቀድሞ ለኩባንያው እንዳመለከተ፥ መልሱ ግን ከሞታቸው በኋላ እንደ ደረሰው በክሱ አስረድቷል።

ክሱም የቀረበው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ተከሳሹም የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ጥላቻን የሚያነሣሣ ጽሑፍ በሕጉ የተከለከለ እንደ ሆነ ይናገራል፤ የኬንያ ፍርድ ቤትም በእርሱ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ተከራክሯል። ፍርድ ቤቱ ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጕዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። በኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቈጣጠር አዋጅ ቍጥር 1185 ወጥቷል፤ የማኅበራዊ መገናኛ ኩባንያዎችም እንዲህ ያለ ጽሑፍ በተነገራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዝዛል። ሆኖም ለወሬ 24 ሰዓት ረጅም ዕድሜ ነው።

አንዳንድ ሰው «እንዲህ ከሆነ መሣሪያውን መዝጋት ነው» ይላል። ይህም ተሞክሯል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያ ጊዜ ወሬ አልሞተም፤ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመልሶ በእግሩ ሄደ። ዐባይን ሲሻገርም ወንፊቱ እንደ ቀድሞው አላጣራውም፤ እውነተኛው ነገር የሚነጻጸርበት ሌላ ምንጭ ጠፍቶ ነበርና። ከባሕር ማዶ ካለ ልጇ ጋር በምስል ትነጋገር የነበረች እናት ፊቱን አጣች፤ ትምህርቱን በኢንተርኔት ይከታተል የነበረ ተማሪም መጽሐፉ ተዘጋበት። ጨለማ ሌባንና ጠባቂን እኩል ይሰውራል፤ የሚጠቅመው ግን አንዱን ብቻ ነው።

መሣሪያው ካልተረገመ፥ ካልተሰገደለት፥ ካልተዘጋም፥ የሚቀረው ተጠያቂዎችን በየማዕርጋቸው መለየት ነው። የመጀመሪያው ሐሰቱን የፈጠረ ነው፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለም። ሦስተኛው የገበያው ጌታ ነው። እርሱ «እኔ ቦታ አከራየሁ እንጂ አልተናገርሁም» ይላል፤ ነገር ግን ቦታ አከራይ ሁሉንም ሸቀጥ በያለበት ይተወዋል እንጂ መርዙን አንሥቶ ከፊት ለፊት አይደረድርም። የደረደረ እንደ ሆነ ከአከራይነት ወጥቶ ነጋዴ ሆኗል፤ ነጋዴም ለሸቀጡ ይጠየቃል።

በመካከል ያለው ሁለተኛው፥ ማለት አስተላላፊው ነው፤ ከሁሉ የሚበዛውም፥ ራሱን ንጹሕ አድርጎ የሚያየውም እርሱ ነው። «እኔ አልጻፍሁትም፤ እንደ መጣልኝ ላክሁት» ይላል። የባላገር ሴት እሳት ለመጫር ወደ ጎረቤት ስትሄድ ፍሙን በገል ይዛ ትመለሳለች፤ ነፋስ ሲነሣም በእጇ ትጋርደዋለች፤ የሣር ቤት በሞላበት መንደር እንደምትሄድ ታውቃለችና። ፍሙን ገልጣ እየሮጠች መንደሩን ብታቃጥል «እሳቱን የፈጠርሁት እኔ አይደለሁም» ማለቷ ሽማግሌዎችን አያስደስትም። እሳቱን አልፈጠረችም፤ መንገዱን ግን ሰጥታዋለች። ፈጣሪው አንድ ሲሆን አስተላላፊው ሺህ ነው፤ የአንዱ ሐሰት ያለ ሺሁ እጅ ከደጁ አይወጣም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብድ አንድ ተቃውሞ ይቀራል። «ሁሉ እስኪያጣራ ዝም ካለ ግፍ ይሸፈናል፤ የተበደለ ሰው ጩኸቱን ማን ይሰማለታል?» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም፤ በዝምታ የጠፋ ሰው በወሬ ከጠፋው አያንስምና። ነገር ግን የቅኔ ቤቱ ሕግ ዝም በል አይልም፤ ባለቤት ሁን ይላል እንጂ። ያየ ሰው «አየሁ» ይበል፤ ይህ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነትም ክብር አለው። ከታመነ ሰው የሰማ «ከእገሌ ሰማሁ» ይበል፤ ሰሚው እገሌን ይጠይቃል። የሚፈራም ሰው ቃሉን ለሺህ አላፊ አግዳሚ ከመበተን ይልቅ መርምሮ ለሚያወጣ ጉባኤ ያስረክብ፤ ያ ጉባኤ ዳኛም ቢሆን፥ ሽማግሌም ቢሆን፥ ስሙን አስፍሮ የሚጽፍ ጋዜጠኛም ቢሆን። እንዲህ ያለ ጉባኤ በአገር ውስጥ ከሌለ፥ ወይም ካለም የማይታመን ከሆነ፥ የወፉ ጩኸት ምክንያት አለውና፥ ወፍ ከመውገር ጉባኤውን ማቋቋም ይቀድማል። ይህም የመንግሥትም የቤተ ክህነትም የከተማውም ሰው ዕዳ ነው።

የሚቀረው ትንሽ ነው፤ በየሰው እጅ ያለ ስለ ሆነ ግን ከአዋጅ ይከብዳል። «ተባለ» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ጣቱን ከማንሣቱ በፊት ሰዋስውን ይጠይቅ፤ ተሳቢው እነሆ ተጽፏል፥ ማሠሪያውም አለ፥ ባለቤቱስ? ፈልጎ ቢያገኘው በስሙ ይጥራው። ፈልጎ ያጣው እንደ ሆነ ግን ነገሩን ከእጁ ባወጣበት ሰዓት የባዶው ስፍራ እንደሚሞላ፥ የዐረፍተ ነገሩም ባለቤት እርሱ ራሱ እንደሚሆን ይወቅ።